የቻይና ዌብኖቭል ምኑ ነው ሱስ የሚያሲዘው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቻይና ኖቭል ባወራሁ ቁጥር የሚመጡብኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከበድ ያለው እሄዳለሁ።

ዌብኖቭል ከመጽሐፍ በምን ይለያል?

ኢንተርኔት ላይ በየቀኑ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚወጣ ልብወለድ ነው። ደራሲው ጽፎ ጨርሶ አይደለም የሚያወጣው። ዛሬ የጻፈውን ዛሬ ይለጥፋል፣ የነገውን ነገ። አንባቢው ምዕራፉን ጨርሶ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አስተያየቱን ይጽፋል፣ ደራሲውም ያየዋል። ቴሌግራም ላይ «ክፍል 14» እያለ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ «ይቀጥላል… 100 ላይክ ሲሞላ ቀጣዩ ይለቀቃል» የሚል የአማርኛ ታሪክ ተከታትላችሁ ካወቃችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ቻይና ውስጥ ግን ትልቅ ኢንዱስትሪ ሆኗል።

ታሪክን ቆራርሶ ማውጣት ለቻይናዎቹም አዲስ አይደለም። የሆንግ ኮንጉ ደራሲ ጂን ዮንግ የሰይፈኞች ታሪኮቹን ከ1955 ጀምሮ ጋዜጣ ላይ እየቆራረሰ ነበር የሚያወጣው። በ1959 ሚንግ ፓኦ የሚባል ጋዜጣ ከሸሪኩ ጋር አቋቁሞ እዚያም ቀጠለ። ኢንተርኔት ሲመጣ ልማዱ ወደዚያው ተሻገረ። ቺዲያን የሚባለው ድረ ገጽ በ2002 ተከፈተ፣ በዓመቱ በምዕራፍ ማስከፈል ጀመረ። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

አንድ ታሪክ እንዴት 2,000 ምዕራፍ ይሆናል?

በገንዘብ ምክንያት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም።

ቺዲያን በ2003 ያመጣው አሰራር እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነፃ ናቸው። አንባቢው ከገባበት በኋላ ክፍያ ይጀምራል፣ ክፍያውም የሚቆጠረው በፊደል ነው። ለብዙ ዓመት የተለመደው ዋጋ ለ1,000 የቻይና ፊደል 5 ፌን ገደማ ነበር፣ አንድ ዩዋን ደግሞ 100 ፌን ነው። 3,000 ፊደል ያለው ምዕራፍ 15 ፌን ይመጣል ማለት ነው። ለአንባቢው ምንም አይደለም። ለደራሲው ግን በአስር ሺህ አንባቢ ሲባዛ፣ ከድረ ገጹ ጋር ተካፍሎም ቢሆን፣ እንጀራ ነው። ስለዚህ ታሪኩን 300ኛው ምዕራፍ ላይ በጥሩ ሁኔታ የሚዘጋ ደራሲ በገዛ እጁ ደመወዙን ቆረጠ ማለት ነው። በዚያ ላይ ወሩን ሙሉ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ለጻፈ የሚሰጥ ጉርሻ አለ። ታመመ አልታመመ፣ ሰርግም ይኑረው፣ ይጽፋል።

አንድ ቡጢ ለመሰንዘር ሁለት ምዕራፍ የሚፈጅበት፣ ተመልካቹ በሙሉ «ይሄማ ሊሆን አይችልም!» እያለ ገጽ የሚሞላበት ምክንያት ይሄው ነው። የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ባይትዳንስ በ2019 ያመጣው ፋንቺ የተባለ መተግበሪያ ደግሞ ሁሉን በነፃ አድርጎ ገቢውን ከማስታወቂያ ያገኛል፤ እሱም ቢሆን አንባቢው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይለት ይፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ርዝመቱ ጉዳት ብቻ ነው አልልም። 40ኛው ምዕራፍ ላይ ዳቦ የሰጠችው ልጅ 900ኛው ላይ ብቅ ስትል የሚሰማችሁን ስሜት ባለ 250 ገጽ መጽሐፍ አይሰጣችሁም።

ካልቲቬሽን የሚሉት ምንድን ነው?

ተራ ሰው በማሰላሰል፣ በትንፋሽ፣ በመድኃኒት እንክብልና በውጊያ ራሱን እያሳደገ ወደማይሞት ፍጡር የሚጓዝበት መንገድ ነው። ሃሳቡ ዳኦይዝም ከሚባለው ጥንታዊ የቻይና እምነት የመጣ ነው፣ ደራሲዎቹ ግን እንዳሻቸው ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ጀግናው መጀመሪያ ቺ የሚባለውን ኃይል ይሰበስባል። ቀጥሎ መሰረት ይጥላል። ከዚያ ሆዱ ውስጥ ጎልደን ኮር የሚሉት ወርቃማ እንክብል ይሰራል፣ ከእንክብሉ ደግሞ ናሰንት ሶል የምትባል ህፃን የምታህል ነፍስ ትወለዳለች። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ መጀመሪያ፣ መካከልና ጫፍ አለው። ትልቁን ደረጃ ሲያልፍ ሰማይ ተቆጥቶ መብረቅ ያወርድበታል። ደረጃ በጨመረ ቁጥር ዕድሜም ይጨምራል።

እንዲህ ያለው ታሪክ ሺያንሺያ ይባላል። ሰዎቹ ሰው እንደሆኑ ቀርተው በሰይፍና በቡጢ ብቻ የሚሟገቱበት የጂን ዮንግ ዓይነቱ ደግሞ ዉሺያ ነው።

እሺ፣ ምኑ ነው የሚጥመው?

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። የማንም አይደለም፣ በመቶ ኖቭሎች ውስጥ ታገኙታላችሁ። ጨረታ ነው። ጀግናችን ፊቱን ሸፍኖ ታች ከህዝቡ ጋር ተቀምጧል። ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ያዋረደው የትልቅ ቤተሰብ ልጅ አለ። አንድ የሚያምር ሰይፍ ለጨረታ ይቀርባል። ጀግናው አንድ ሺህ የመንፈስ ድንጋይ (የዚያ ዓለም ገንዘብ ነው) ይላል። ከፎቅ ሁለት ሺህ። ጀግናው ሦስት ይላል። ከፎቅ፣ በንቀት ሳቅ ታጅቦ፣ አምስት ሺህ። እንዲህ እየተባባሉ ሃያ ሺህ ይደርሳል። ጀግናው ዝም ይላል። «ለጌታዬ ይሁንላቸው፣ እኔ ድሃ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ሰይፉን መጀመሪያውኑ አልፈለገውም። ቀጥሎ ማንም ምንነቱን ያላወቀው የዛገ ብረት ይመጣል። ጣቱ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ የሚኖረው ሽማግሌ መንፈስ «ግዛው!» ብሎ ይጮህበታል። የፎቁ ልጅ መጫረት ያምረዋል፣ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ጀግናው በመቶ ድንጋይ ይወስደዋል።

አንጀት አያርስም? ይሄ ነው የነገሩ ሞተር። በቻይና ዌብኖቭል ውስጥ ውርደት ማለት ዕዳ ነው። አንድ ምዕራፍ ላይ ይመዘገባል፣ ከጥቂት ምዕራፍ በኋላ ከነወለዱ ይከፈላል። ክፍያው ደግሞ ምስክር ያስፈልገዋል። ጀግናው ጠላቱን ጫካ ውስጥ ብቻውን ቢያሸንፈው አይጥምም፤ የናቁት ሽማግሌዎች፣ ያፌዙበት ተማሪዎች፣ ጥላው የሄደችው እጮኛ ሁሉ ቆመው ማየት አለባቸው። ሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ፣ ስም ምን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። «የናቁት ወንድ ያስረግዛል» እየተባለ ላደገ ሰው ግማሹ ታሪክ ገና ሳይጻፍ ገብቶታል።

ሌላው ደስታ ልፋት በዓይን መታየቱ ነው። በገሃዱ ዓለም አምስት ዓመት ለፍታችሁ የት እንደደረሳችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። እዚህ ደረጃው ስም አለው፣ ደፍ አለው፣ ሲያልፉት መብረቁ ሳይቀር ይመሰክራል።

ሰዎች ብዙም የማያወሩለት ደስታ ደግሞ አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው። ሀዘን ነው። ጀግናው ዋሻ ገብቶ ለ60 ዓመት ዘግቶ ይቀመጣል። ሲወጣ ፊቱ የ20 ዓመት ልጅ ነው። ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ የእናቱ መቃብር ላይ ሳር በቅሏል፣ አብራው ያደገችው ልጅ በዱላ የምትሄድ አሮጊት ሆና በር ላይ ተቀምጣለች፣ «ልጄ፣ አንድ የማውቀውን ሰው ትመስላለህ» ትለዋለች። ያን ሁሉ ቡጢና ጩኸት ታግሳችሁ የምታነቡት እንዲህ ላለ ገጽ ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

ነው። ትዕቢተኛው የሀብታም ልጅ፣ ጨረታው፣ የሴክት (ካልቲቬሽን የሚያስተምር ማኅበር) ውድድሩ፣ በ100 ዓመት አንዴ የሚከፈተው ምስጢራዊ ሸለቆ፣ ሁሉም ቦታ አሉ። ግን አንባቢው ይሄን አሳምሮ ያውቃል፣ ደራሲውም አንባቢው እንደሚያውቅ ያውቃል። ጨዋታው ያለው «አሁን ደግሞ በየት በኩል ያመጣው ይሆን?» የሚለው ላይ ነው።

ጎበዝ ደራሲ ደግሞ በተለመደው ነገር ይቀልዳል። ኧርገን የተባለው ደራሲ ኤ ዊል ኢተርናል በሚለው ታሪኩ ውስጥ ጀግናውን ፈሪ አድርጎታል። ልጁ ዘላለም መኖር የፈለገው ሞት ስለሚያስፈራው ብቻ ነው። ሌላው ጀግና በኩራት ደረቱን በሚነፋበት ቦታ ይሄ ይሸሸጋል። የሚያስቀው ያንን ኩሩ ጀግና ከሌሎች ታሪኮች አስቀድማችሁ ስለምታውቁት ነው።

ለወንዶች የተጻፈ አይመስልም?

ቺዲያን ላይ ያለው አብዛኛው የወንድ አንባቢን የሚያስብ ነው፣ እውነት ነው። ግን በ2003 የተመሰረተው ጂንጂያንግ የሚባለው ድረ ገጽ በዋናነት የሴቶች ነው፤ ደራሲዎቹም አንባቢዎቹም በብዛት ሴቶች ናቸው። እዚያ ሌላ ዓለም አለ። ሞታ ከአስር ዓመት በፊት ወደነበረው ሕይወቷ የተመለሰችና የከዳትን ባል በዚህኛው ዙር የማታገባ ሴት። በቤተ መንግሥት ውስጥ በአንድ ስኒ ሻይ ጦርነት የሚያካሂዱ የንጉሥ ሚስቶች። የዛሬ ዘመን ሐኪም ድንገት በጥንት ዘመን የድሃ ገበሬ ልጅ ሆና ተነስታ ጎመን እየተከለች ቤተሰቡን የምታቋቁምበት ታሪክም አለ፣ ይሄኛው ብዙ ጠብ የለውም፣ ዘና ያደርጋል።

የፍቅር ትዕይንት የምትጠብቁ ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጉ። ከ2014ቱ የኢንተርኔት ጽዳት ዘመቻ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠብቋል፣ ጂንጂያንግም ከአንገት በታች ያለውን ነገር መግለጽ በመከልከሉ አንባቢዎቹ ሲቀልዱበት ኖረዋል። ደራሲዎቹም በዓይንና በጣት ጫፍ ብቻ ማስረዳትን ተክነውበታል።

ከየትኛው ልጀምር?

ኮይሊንግ ድራጎን ለጀማሪ ጥሩ ነው። ዓለሙ የአውሮፓ ተረት ይመስላል፣ ስሞቹ አያስቸግሩም፣ ከሌሎቹ አንፃርም አጭር ነው። በእንግሊዝኛ የሚያነበውን ዓለም ወደዚህ ነገር ያስገባው በዋናነት እሱ ነው፤ አንድ ቻይናዊ አሜሪካዊ ዲፕሎማት በትርፍ ሰዓቱ መተርጎም ጀመረ፣ በ2014 መጨረሻ ዉሺያወርልድ የሚባል ድረ ገጽ ከፈተለት፣ በዓመቱ የመንግሥት ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ሰጠ።

አእምሮ የሚያሰራ ነገር ከፈለጋችሁ ሎርድ ኦፍ ዘ ሚስትሪስን ሞክሩ። የእንፋሎት ማሽን ዘመን፣ ምስጢራዊ ማህበራት፣ ጥንቃቄ የሚያበዛ ጀግና። አጀማመሩ ቀርፋፋ ነው። ቢያንስ መቶ ምዕራፍ ስጡት፣ ከዚያ በፊት አትፍረዱበት።

ኢትዮጵያ ሆኜ እንዴት አነባለሁ? ካርድ የለኝም።

የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው። ዌብኖቭል ዶት ኮም የሚባለው የቺዲያን ባለቤቶች በ2017 የከፈቱት ነው፣ ብዙ ስራ ያለው እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ክፍት ናቸው፣ ከዚያ በገንዘብ የሚገዛ የራሱን ኮይን ይጠይቃል። ተራው የብር ካርድ ለዚህ አይሆንም። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ሊገዛላችሁ ይችላል፣ ግን አክስትን «ዘንዶ ለሚገድል ልጅ ታሪክ ነው» ብሎ ዶላር መጠየቅ ወኔ ይፈልጋል። መተግበሪያው በየቀኑ በመግባትና ማስታወቂያ በማየት የተወሰነ ምዕራፍ ይከፍትላችኋል። አንድ ኖቭል ብቻ ይዞ ቀስ እያሉ መሄድ ይቻላል።

የተሰረቀ ትርጉም የሚለጥፉ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ከደራሲው ኪስ መውሰድ መሆኑን ትቼ፣ ስልካችሁን በማስታወቂያ ያጥለቀልቁታል፣ ምዕራፍ ይዘላሉ፣ ድንገትም ይጠፋሉ።

ትርጉሙ ለምን እንዲህ ይጎረብጣል?

ሁለት ዓይነት ጉርብጥብጥ አለ። አንደኛው የቻይንኛው ጣዕም ነው። «ዓይን እያለህ የታይን ተራራ አላየህም» ሲል ተርጓሚው አልተሳሳተም። ታይ ሻንዶንግ በሚባል የቻይና ክፍለ ሀገር ያለ ታላቅ ተራራ ነው፣ ስድቡም «ማን ፊት እንደቆምክ አላወቅክም» ለማለት ነው። ከሃምሳ ምዕራፍ በኋላ ራሳችሁ መናገር ትጀምራላችሁ።

ሁለተኛው በማሽን ተተርጉሞ ማንም ያላረመው ነው። ሴቲቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ወንድ ሆና ትመለሳለች። የሰው ስም አንዴ በድምፁ ይጻፋል፣ አንዴ በትርጉሙ፣ እና አንድ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚህ ራቁ። በሰው የተተረጎመውን አንብባችሁ ወጉን ከለመዳችሁ በኋላ ግን ማሽኑ ያበላሸውን በራሳችሁ እያረማችሁ ማንበብ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፣ በተለይ ተርጓሚው መሃል ላይ ሲጠፋ።

ኮሜንቶቹንም ላንብብ?

አዎ፣ በተለይ ከአንቀጹ ጎን የሚጻፉትን። ጀግናው «ለዛሬ ምህረት አድርጌልሃለሁ» ሲል ከጎኑ 300 ሰው «በኋላ ትጸጸታለህ» ብሎ ጽፏል። አንዱ የደራሲውን የሂሳብ ስህተት ይቆጥራል፣ አንዱ 80 ምዕራፍ ወደፊት ያለውን ምስጢር ይገምታል፣ አንዱ ስለ ገጸ ባህሪዋ የምር ያለቅሳል። ብቻችሁን የምታነቡ አይመስላችሁም።

ቻይና ውስጥ አንባቢዎች በወር የሚሰጡት ድምፅ አለ፣ ደራሲው በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከፍ እንዲል ይረዳዋል። «ድምፃችሁን ስጡኝ፣ ነገ ተጨማሪ ምዕራፍ አወጣለሁ» የሚል ማስታወሻ ምዕራፉ ስር ካያችሁ እሱ ነው።

መጨረሻው ለምን ብዙ ጊዜ ያናድዳል?

ደራሲው እየሄደ ስለሚጽፍ ነው። መጀመሪያ ላይ ያቀደው ጠላት 400ኛው ምዕራፍ ላይ ሞቶበታል። ከዚያ የባሰ ጠላት ማምጣት አለበት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ዓለም፣ ተራራ የሰነጠቀው ቡጢ ከዋክብት መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ምንም ነገር አይከብድም። ገቢው ሲቀንስ ወይም ሲደክመው በሃያ ምዕራፍ ይጠቀልለዋል። የሚጠፋም አለ።

አንዳንዴ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። በ2020 የቺዲያን ባለቤት በሆነው ዩዌን ኩባንያ አመራር ሲቀየር በደራሲዎች ዘንድ የውል ቁጣ ተነሳ፤ የቅጂ መብታችንን ይወስዳል፣ ሥራችንንም በነፃ ያስነብባል ብለው ፈሩ። በግንቦት 5፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ብዙዎች ሆን ብለው ምዕራፍ ሳያወጡ ዋሉ። ኩባንያው በሚቀጥለው ወር የተሻሻለ ውል ይዞ መጣ። በየቀኑ የምትጠብቁት ምዕራፍ ጀርባ የደከመ ሰው እንዳለ ያኔ ነው ብዙ አንባቢ ያየው።

ጥንቆላ አይደለም ወይ? ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም?

ቤተሰብ ጋር የሚኖር ወጣት አንባቢ ሁሉ ይሄ ይመጣበታል። ታሪኮቹ የሚቀዱት ከቻይና እምነትና ተረት ነው፤ ዳኦይዝም፣ ቡድሂዝም፣ የሕዝብ ተረት። ያለመሞት እንክብሉ በታሪክ የነበረ ነገር ነው። የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሽ ኋንግ የማይሞቱበትን መድኃኒት ፍለጋ ሰው በባህር ልኳል፣ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በርካቶቹ ደግሞ እንዲህ ያለ እንክብል ውጠው ተመርዘው እንደሞቱ ተጽፏል። ኖቭሉ ውስጥ ያለው ይሄ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ነው። ከማሰላሰሉም ከደረጃውም ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር የለም።

ምቾት ሊነሳችሁ የሚችለው ሌላ ነው ብዬ አስባለሁ። ብዙ ጀግኖች ሰማይን ይገዳደራሉ። ዕጣዬን አልቀበልም፣ ሰማይ ራሱ ቢያግደኝ እጥሰዋለሁ ይላሉ። የሚያነበው ሰው ይሄን እንደ ተረት ካለፈው ችግር የለም፤ ከከበደው ደግሞ ቅድም ያልኳቸው ጎመን የሚተክሉት ታሪኮች አሉለት።

ጀግናው ክፉ ሲሆንስ? እሱን መውደድ ይቻላል?

አንዳንዱ ጀግና የምር ጨካኝ ነው። የሰደበውን ልጅ ይገድላል፣ ዘመዶቹ ነገ እንዳይበቀሉ ብሎ ቤተሰቡን በሙሉ ይፈጃል፣ ደራሲው ደግሞ ብልህነት አድርጎ ያቀርበዋል። ሚስት እንደ ሽልማት የሚሰበስቡም አሉ። ዛሬ ዘመን ላይ በሚካሄዱ ታሪኮች ውስጥ የውጭ ዜጋ ገጸ ባህሪ ሲመጣ፣ በተለይ ጥቁር ከሆነ፣ አቀራረቡ አሳፋሪ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አይቼ የተውኳቸው አሉ፣ አንጀት ማራሱም አላቆየኝም።

ክፋቱ ዋጋ የሚያስከፍልበት ታሪክ ግን ሌላ ነው። ጀግናው ለዘላለም ሕይወት ብሎ አንድ በአንድ ሰው እየሸጠ ሲሄድ፣ እናንተም ከጎኑ ሆናችሁ «ይሁን፣ ሌላ ምርጫ የለውም» እያላችሁ ስትሄዱ፣ የሆነ ቦታ ላይ ደራሲው ቆም ያደርጋችኋል። ለመለየት ያለው ዘዴ የተሸነፈውን ወገን ማየት ነው። የሞተው ሰው ስምና እናት ካለው ደራሲው ያስባል። ቁጥር ብቻ ከሆነ እለፉት።

ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አድራለሁ። እንዴት ላቁም?

«አንድ ምዕራፍ ብቻ» አይሰራም። ምዕራፉ የሚያልቀው በሩ ሲንኳኳ፣ ሰይፉ ሲመዘዝ፣ የተሸፈነው ፊት ሲገለጥ ነው፤ ደራሲው ሆን ብሎ እዚያ ላይ ይቆርጠዋል፣ ነገ ካልተመለሳችሁ አይከፈለውማ። ስለዚህ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ለማቆም አትሞክሩ። መሃል ላይ አቁሙ። የበፊቱ ጥያቄ ተመልሶ አዲሱ ገና ያልተነሳበት፣ ሰዎቹ ምሳ የሚበሉበት ወይም መንገድ የሚሄዱበት ቦታ ምዕራፉ መሃል ላይ አለ። ስልኩን እዚያ ላይ ዝጉት። ኖቲፊኬሽኑንም አጥፉት።